የአባትሽ ደም ጠባቂዎች

ልጄ፣ ፈጣሪ ከፊትሽ ይቅደም፤ የወሰደሽ መንገድ በደህና ይመልስሽ። ደም የራሱ ጠባቂ እያለው እንዴት ካንሰር ይይዘዋል? የአባትሽን ሕመም ከሰማሽ ወዲህ ይህን ሳትጠይቂ አትቀሪም።

እኛማ የምርመራ ወረቀቱ «ነጭ የደም ሴል በዝቷል» ሲል፣ እሰይ፣ ከበሽታ የሚከላከለው የደም ጠባቂ በረከተለት ብለን ለጎረቤቱ ሁሉ አወራን! እውነቱን የነገረችን ይህን ደብዳቤ የምትጽፍልኝ እህትሽ ናት፤ ዘንድሮ በላብራቶሪ ተመርቃ የለ።

«የበዙት የታመሙት ናቸው፤ ከጤነኞቹም አንዳንዶቹ ተታለው በሽታውን ይመግቡታል» አለች።

ሠላሳ ዓመት መጋዘን የጠበቀው አባትሽ ሳቀ። «እኔስ ስንቱን ሌባ እንግዳ መስሎኝ ሻይ አጠጥቻለሁ!»

«አይዞህ አባዬ፣ የተታለሉትን የሚመልስ መድኃኒት እየተፈለገ ነው» አለችው። እሷማ ነገውኑ እኔ ላግኘው ባይ ናት።

አሁን ሕክምና ጀምሯል፤ ይደክመዋል እንጂ እህል አልዘጋውም። ግን ዕድሜውን በር ሲቆልፍ የኖረ ሰው፣ ዛሬ ዛሬ ሌሊቱን በሩ ክፍት እንዲያድር መቀርቀሪያውን አላስነካ ብሎኛል። «ልጄ ከመጣች በገዛ ቤቷ ታንኳኳ?» ይለኛል።

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥልኝ፣ የኔ ዓለም። የምትመጪበትን ቀን ብቻ ጻፊልን፤ እስከዚያ በሩን ዘግቶ ይተኛ።

እናትሽ