ዶቅዶቄዬና የደሴ ዳገት

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1931

ደሴ ገበያ ዋልኩ። ጨው ተወዷል፣ ሽንኩርት ረክሷል። ሰው የሚያወራው ግን ስለ እኔ ነው። ጀላል አበደ! የአባቱን የመጨረሻ በቅሎዎች ሸጦ ዶቅዶቄ ገዛ! … አዎ ገዛሁ። ምን ላድርግ? ጣሊያን ካሚዮን የሚለውን የጭነት መኪና ካመጣ ወዲህ በበቅሎ የሚያስጭን ነጋዴ የት አለ? ደብዳቤና መድኃኒት ከኮምቦልቻ ደሴ በአንድ ሰዓት የሚያደርስ ሰው ግን የለም። እኔ አደርሳለሁ።

አዲስ ናት። ቀይ። ለእሽቅድድም የተሠራች። ጣሊያኖቹ ለአንድ ሹማቸው ከአገራቸው ያስመጧት ነበር አሉ፣ ሹሙ ሳያያት ተዛወረ። ኮምቦልቻ ያለው ሻጭ፣ ሲኞር ቱሊዮ፣ ሌላ ገዢ ሲያጣ ለእኔ ሸጠልኝ፣ እስከ ደሴም በካሚዮን ጭኖ ላከልኝ። የመንጃ ፈቃዴም በእሱ ዋስትና ነው የወጣው።

ቤት ስገባ እናቴ ቅቤ ይዛ በር ላይ ቆማለች። አዲስ ነገር ሳይቀባ ከቤት አይወጣም አለች። ፋኖሷን፣ መሪዋን፣ ጎማዋን፣ የጎማዋን እምብርት ሳይቀር ለቀለቀችው። «አላህ ከክፉ ዓይን ይጠብቃት፣ አሚን በል!» አሚን አልኩ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 4

ሞቼ ነበር። ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን ስወርድ ፍሬን ያዝኩ… የለም። ደግሜ ረገጥኩ… የለም! ከፊቴ ጨው የጫኑ ግመሎች። ከገደሉ ግንቡ ይሻላል ብዬ ከመንገዱ ዳር ግንብ ጋር እየተፋጨሁ ቆምኩ። ጉልበቴ ተልጧል። እሷ ቀለሟ ብቻ ነው የተጫረው፣ ተመስገን።

ቱሊዮ የኋላ ጎማዋን ፈታ። ውስጡ፣ ፍሬኑ የሚይዝበት እምብርት ላይ፣ ቅቤ! ከአቧራ ጋር ተለውሶ። ሠራተኞቹን ሁሉ ጠርቶ አሳየ። «ቅቤ! ዳቦ ነው እንዴ?» ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የእናቴ ቅቤ ነው። መሳቅ ካለብን እኔና እሷ እንስቅበታለን እንጂ እሱን ማን ጠራው? በቤንዚን አጥቤ ገጠምኩ፤ ጉልበቴ ስላመመኝ ወደ ደሴ በካሚዮን ተጭነን ተመለስን።

ለእናቴ እንቅፋት መታኝ አልኳት። ከእንግዲህ ፋኖሷን ብቻ ቀቢ ብያታለሁ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 8

ዳገቱን በራሷ ልወጣባት ዛሬ መጀመሪያ ሞከርኩ፣ አልወጣችም። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ የሚይዛት የለም። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ስትደርስ ማሳል ጀመረች… ጥቁር ጭስ… ቀጥ። እሳት የምትጭርበትን ካንዴላዋን ፈትቼ አየሁ። ጥቀርሻ ብቻ። ጠርጌ መለስኩ፣ ትንሽ ሄዳ ደገመችው። አራት ጊዜ ጠረግሁ። ከዚያ ገፋሁ። እስከ ደሴ ገፋሁ!

አንዱ ባለ አህያ አልፎኝ ሲሄድ «አብሽር ጀላል፣ ከእኔ አህያ ጋር በገመድ እሰራትና ትጎትትልህ» አለኝ። አላህ ያሳይህ!

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 10

ቱሊዮ ዘንድ ወረድኩ። ሳያያት ፈረደ። «ማኪና ደህና ነው። እጅ ነው መጥፎ። አንተ በቅሎ ያውቃል፣ ማኪና አያውቅም።»

«ሜዳ ላይ ትሮጣለች፣ ዳገት ላይ ትታፈናለች። እጄ አንድ ነው ሲኞር» አልኩት።

አልሰማኝም፤ መንገድ ላይ እየገፋህ ስሜን ታሰድባለህ አለ። ቅዳሜ 22 ቀን ከኮምቦልቻ ደሴ ሳትቆም ካልወጣች ዋስትናውን ያነሳል፣ ፈቃዴ ይቀደዳል፣ እሷን ይወስዳል። በምትኩ ብስክሌት ይሰጠኛል። ብስክሌት! እያባበለኝ ነው ወይስ እየሰደበኝ?

አልሰጥም። በቅሎዬንም ሥራዬንም ወሰዱ። ይቺን አልሰጥም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 13

የፋኖሷ ማሰሪያ ዳዶ ኮረኮንቹ ላይ ረግፎ ጠፋ። በጭነት ጠፍር አሰርኳት። አዲስ ማለት ገና ያልጠበቀ ማለት ነው ለካ… ሁሉንም ዳዶ አንድ በአንድ አጠበቅሁ። ማሳሏን ግን አልተወችም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 16

አጎቴ በሺር መጣ። አርባ ዓመት ከባቲ ደሴ በቅሎ የነዳ ሰው ነው። ዶቅዶቄዋን ከገዛሁ ወዲህ አኩርፎኝ ነበር። ሳያያት አለፈ። ከዚያ ተመልሶ አያት።

«የት ላይ ነው የምትተኛብህ?»

«ዳገቱ እኩሌታ ላይ፣ አጎቴ።»

«ምን አብልተሃት?»

«ኧረ አጎቴ ይተዉኝ! ቤንዚን ነዋ የምትበላው።»

«አትሳቅ! እኛ ከቆላ ስንወጣ ዳገቱ ሥር ለበቅሏ ገብስ እንሰጣለን? ወላሂ አንሰጥም! ሆዷ ከሞላ ከፍታው ላይ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ትተኛለች። ቀንሰን ነው የምናወጣት።»

ሳቄ ጠፋ። ጥቁር ጭስ… ጥቀርሻ… እውነትም የጠገበች ናት! ከፍታው ላይ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ አልቀነሰም። ስምንት ቀን ሙሉ ካንዴላ ስጠርግ፣ ይህን እኔ፣ የበቅሎ ነጂ ልጅ፣ እንዴት አጣሁት? አፈርኩ። እጁን ሳምኩት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 17

ቤንዚንና አየር የሚደባለቁበትን ዕቃ ፈታሁ። ካበላሸሁት ማን ይሠራልኛል? ውስጡ ቀጭን የናስ መርፌ አለ። አናቷ ላይ እንደ ደረጃ የተጫሩ አምስት ቆረጦች አሉ፣ መያዣዋ መሐለኛው ላይ ነው። መርፌዋ ዝቅ ስትል ቤንዚን የሚመጣበትን ቀዳዳ ታጠባለች። አንድ ቆረጥ ዝቅ አደረግኋት።

ከሰዓት ወርጄ ሞከርኩ። ካለፈው ራቅ ብላ ሄዳ አሳለች። አሳለች እንጂ አልቆመችም! ሌላ አንድ ቆረጥ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 18

ወጣች። ሜዳ ላይ ትንሽ ይርባታል። ይራባት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 22

ቱሊዮ በመኪናው ከኋላዬ። እሷን ጭኖ የሚመልስ ካሚዮን ሳይቀር አስከትሏል። ይኸን ያህል ተማምኖ!

እኩሌታው ላይ ደረስኩ። አንዴ ኧህ አለች… ቀጠለች። ደሴ ፒያሳ ገባሁ፣ ሞተሯን ሳላጠፋ ቆሜ ጠበቅሁት።

«ማን ሠራ? የቱ ጣሊያን?»

«እኔ።»

«ምን አደረገ?»

«በቅሎ ታውቃለህ ብለውኝ የለ? እንደ በቅሎ ያዝኳት።»

የነካሁትን ንገረኝ አለ። አልነገርኩትም። ሰው ሁሉ እያየ ፈቃዴ ላይ ፈረመ። ካሚዮኑ ባዶውን ተመለሰ። ደስ አለኝ፣ ምን ብዬ እዋሻለሁ!

ሰኞ፣ ጥር 1

ከጠዋት ጀምሮ ደጃችን ሰው ነው። የአንዱ ፋኖስ፣ የአንዱ የእህል ሚዛን… ዶቅዶቄ ያዳነ ሁሉን ያድናል ብለው ነው መሰለኝ። የጎረቤታችንን የዘሀራን የልብስ ስፌት መኪና ፈትቼ ሳለሁ ቱሊዮ ገባ። ሸሚዙ በላብ ርሷል። ሌላ አዲስ ዶቅዶቄ እየገፋ! ለአንድ ጣሊያን የሸጣት ናት። ሰውየው ላይ እኩሌታው ላይ ቆመችበት፣ ዛሬ ቱሊዮ ራሱ ነድቶ ሊያወጣት ሲሞክር እሱም ላይ ቆመችበት። የራሱ መካኒክ ሦስት ቀን ካንዴላ ጠርጓል።

«ጀላል፣ ቶሎ። ሰውዬው ይጠብቃል» አለ።

ዘሀራ መኪናዋን ልትሰበስብ እጇን ዘረጋች። ነገ የጣሊያን ፖሊሶቹን፣ ካራቢኒየሪዎቹን፣ ሊልክብኝ ይችላል፣ አውቃለሁ። ይላክ።

«ሲኞር፣ ዘሀራ ትቀድማለች። ከእሷ በኋላ ባለ ሚዛኑ። ተራዎን ይጠብቁ።»

ፊቱ ቀላ። ወደ ዶቅዶቄዋ አየ፣ ወደ በሩ አየ። ከዚያ ሄዶ መደቡ ላይ ከባለ ሚዛኑ ቀጥሎ ተቀመጠ።

የዘሀራን መኪና ቀስ ብዬ ሠራሁ። በጣም ቀስ ብዬ።