አድራጊ የሌለው ጦርነት

ለተከበሩ የታሪክ መማሪያ መጻሕፍት ቦርድ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ጆሮዎስ ደህና ነው? ከመድፍ ርቆ የኖረ ጆሮ ምን ይሆናል ሊሉኝ ይችላሉ፤ እኛ ሰፈር ግን ከጦርነቱ ወዲህ በደንብ የሚሰማ ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ሰላምታችን በጆሮ መጀመሩ ልማድ ሆኖብን ነው። እኔ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የአሥረኛ ክፍል የታሪክ መምህርት የነበርኩ፣ አሁን በእርስዎ መልካም ፈቃድ እናቴ ቤት ተቀምጬ ሽንኩርት የምከትፍ ዜጋ ነኝ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በፈተናዬ ላይ «ጦርነቱን ማን ቀሰቀሰው?» ብዬ መጠየቄ ከመጽሐፉ መንፈስ የወጣ መሆኑን፣ ጥያቄው «ጦርነቱ ለምን ተቀሰቀሰ?» ተብሎ መታረም እንዳለበት፣ እኔም ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ ይቅርታ ከጠየቅሁ ወደ ክፍሌ እንደምመለስ በትሕትና ገልጸውልኛል። ደብዳቤውን ለእናቴ ሳነብላት፣ «ምን አለበት ልጄ፣ አንዲት ፊደል አይደለች? ዋጫትና ሥራሽን ያዢ» አለችኝ። ክፍሌን እወደዋለሁ። ከማስተማር ሌላ የማውቀው ሙያም የለኝም፤ ሽንኩርቱንም ቢሆን እያበላሸሁት ነው። ስለዚህ አድራጊውን የምትሰውረውን ያቺን የ«ተቀሰቀሰ»ን ‹ተ› ለመዋጥ ከልቤ ሞክሬአለሁ። ጉሮሮዬ ላይ የቀረችበትን ምክንያት እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ምክንያቱ አጭርነት። መጽሐፍዎ እንደሚለው የማዶው መንግሥት ወታደር ድልድዩ ላይ የተሰቀለውን ባንዲራችንን ተኩሶ ጣለ፤ ክብራችን ተደፈረ፤ ጦርነቱም ተቀሰቀሰ። ተማሪ ለመሸምደድ እንዳይቸገር ማሰብዎን አደንቃለሁ። ሁለቱ ታላላቅ መንግሥታት፣ የእኛውና የማዶው፣ ለዓመታት ዓይናቸው በአንድ ወደብ ላይ ቀልቶ እንደነበር፣ አንዱ አንድ የጦር መርከብ ባወጣ ቁጥር ሌላው ሁለት ያወጣ እንደነበር፣ ወደ ማዕድኑ የሚሄደውን ሐዲድ እኔ ልዘርጋ እኔ ልዘርጋ ሲባባሉ ትንንሾቹን መንግሥታት «ከእኔ ጋር ነህ ወይስ ከእሱ?» እያሉ አንገታቸውን ያንቁ እንደነበር መጻፍ ወረቀት ይፈጃል። ወንድሜ በያጅ ነበር፤ ከቅጥነቱ የተነሣ ሰፈሩ በሙሉ ቀጮ ነው የሚለው። ባንዲራው ከመደፈሩ ከአንድ ዓመት በፊት ወርክሾፓቸው ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ የወታደር ቃሬዛ እንዲበይድ ታዘዘ። ቀጮ ምሳ እየበላ፣ «እህቴ፣ ወይ አገሩ በሙሉ ሊታመም ነው፣ ወይ የሚያሳምመን ሰው ቀጠሮ ይዟል» ይለኝ ነበር። ክቡርነትዎ፣ ባንዲራው ሳይደፈር ቃሬዛው ለምን ተበየደ? ይቅርታ፣ «ተበየደ» አልኩ፤ ልማድዎ ተጋባብኝ። ለምን አስበየዱት?

ሁለተኛ፤ ስለ በሩ። ያን ጊዜ እርስዎ የመጽሐፍ ሰው አልነበሩም፤ የማስታወቂያ ኃላፊ ሆነው ወጣቱን ለዘመቻ እየጠሩ በድምፅ ማጉያ ይዞሩ ነበር። ወደ ትምህርት ቤታችን ግቢ በመጡበት ቀን ቀጮ እኔ ለምኜው የግቢውን በር ሊጠግን መጥቶ ነበር። የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እንደቆመ አዩትና ከጭነት መኪናው ላይ ሆነው፣ «አንተ ባለ መነጽር፣ ጥይት እንዳታይ ነው የተከለልከው?» አሉት። ግቢው ሙሉ ሳቀ፤ እውነት ለመናገር ቀልዱ ጥሩ ነበር። እሱም፣ «ጌታዬ፣ በሩን ልጨርስና እመጣለሁ» አለ። እንደገና ተሳቀ። ጠባቂዎችዎ ግን ቀልድ አያውቁም። አንደኛው በሰደፍ አፉን ሲመታው ጥርሱ እንደ ጠመኔ ስብርባሪ መሬት ላይ ተበተነ፤ ከዚያ በእግሩ ጎትተው እንደ ሲሚንቶ ከረጢት መኪናው ላይ ወረወሩት። ደሙን ከደጃፉ ላይ ያጠብኩት እኔ ነኝ። መጽሐፍዎ ይህን ቀን «ወጣቱ በነቂስ ተመመ» ብሎ ያልፈዋል፤ ቃሉ እንዴት ያምራል! በሩ ዛሬም በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሏል፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይጮኻል።

ሦስተኛ፤ ስለ ድልድዩ። «ድልድዩ ነፃ ወጣ» ይላል መጽሐፉ። የቀጮ ጓደኛ፣ አንድ እጁን እዚያ ጥሎ የተመለሰው ሹፌር፣ እንዴት ነፃ እንደወጣ እናቴ ፊት ተቀምጦ ነግሮናል። የማዶዎቹ መድፍ ከፊት፣ የእኛው መድፍ ከኋላ ሲዘንብ፣ መሐል የቀሩት ልጆች መሄጃ አጥተው ሬሳ ለሬሳ እየተረማመዱ ሮጡ። ከፊቱ ይሮጥ የነበረው ልጅ ራሱ ከአንገቱ ሲነሣ እግሩ ገና አልሰማም ነበርና ጥቂት ሮጠ። ነዳጅ የጫነው መኪና ሲፈነዳ የቆሰሉት እየተጠበሱ እናቶቻቸውን በሁለት ቋንቋ ተጣሩ፤ ጩኸቱ ግን፣ ይላል ሹፌሩ፣ አንድ ዓይነት ነው። ቀጮ ሆዱ ተዘርግፎ፣ አንጀቱን በገዛ እጁ ታቅፎ፣ «ቃሬዛ! ቃሬዛ!» ይል ነበር። ያን ሁሉ ቃሬዛ ለበየደ ልጅ አንድ እንኳ አልደረሰውም። ቀጥሎ የወደቀው አረር ከእሱ ያስተረፈው ጫማውን ነው፤ የቀበርነውም ጫማውን ነው። ለዚህም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጫማ መቅበር ተሸካሚ አያስቸግርም። በነገራችን ላይ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው የእርስዎ አቻም ዛሬ ለልጆቻቸው «ክብራችን ተደፈረ» እያለ እንደሚጽፍ አልጠራጠርም። ብትተዋወቁ በጣም የምትዋደዱ ይመስለኛል። ዝሆኖች ሲራገጡ ሣሩ «ተረገጠ» ይባላል እንጂ የረጋጩ ስም መቼ ይነሣል?

አራተኛ፤ ስለ ድንጋዩ። ማዘጋጃ ቤቱ በቀጮ ጫማ ላይ ያቆመውን ድንጋይ ለማየት ባለፈው እሑድ ከእናቴ ጋር ሄድን። እሷ ፊደል ስላልቆጠረች አነበብኩላት፦ «ለአገሩ ተሠዋ።» እናቴም፣ «ተሠዋ? በግ ነው እንዴ ልጄ? ማን ነው ያረደው?» አለች። ይኸውልዎ ክቡርነትዎ፣ እኔን ከክፍሌ ያስወጡበትን ጥያቄ እናቴ መቃብር ላይ ቆማ ጠየቀችው። እሷን ደግሞ ከምን ያባርሯታል?

በማግስቱ አብረን ወደ ድንጋይ ጠራቢው ሄድን። የምንፈልገውን ሲሰማ መዶሻውን አስቀመጠና፣ «እማማ፣ ድንጋይ ላጲስ የለውም፤ ደግሞም ያሳስራል» አላት። እሷም፣ «አንተ ብቻ ጥረብ፤ እስሩን ለእኔ ተውልኝ» አለችው። ዋጫት ያለችኝ እናቴ ናት እንዲህ ያለችው። ጠራቢውም ድንጋዩን አዙሮ በጀርባው ጠረበ። ከፊት የነበረችውን ‹ተ› ከመቀመጫዋ አንሥተን ወደ መጨረሻ ወሰድናት፤ እዚያም ‹ት› ሆና አረፈች፦ «ሠዉት።»

እንግዲህ ፊደሏን አልዋጥኳትም፣ አልጣልኳትምም፤ ቦታዋን አስተካከልኩላት እንጂ። የመጽሐፍዎም ዓረፍተ ነገር በዚሁ ደንብ ሊታረም ይችላል፦ «ጦርነቱን ቀሰቀሱት።» ቦርዱ ቢስማማ አንድ ፊደል እንኳ አይባክንም። ይቅርታ ግን አልጠይቅም። ክፍሌን ለፈለጉት መምህር ይስጡልኝ። መቃብሩ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ነው፤ ተማሪዎቼ በተሰበረው በር ሲወጡ መልሱን ማንበብ አያቅታቸውም።

ጥርስዎ በአፍዎ፣ አንጀትዎ በሆድዎ፣ በርዎም በሁለት ማጠፊያው ጸንቶ እንዲቆይልዎ እየተመኘሁ፣ የጻፉልንን ታሪክ በመቃብር ድንጋይ ላይ የማረም ዕድል ስለሰጡኝ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት እሰናበትዎታለሁ፤

የበያጁ እህት

ማሳሰቢያ፦ በመቃብሩ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ድንጋዩን እያየ፣ «ሠዉት? እነማን ናቸው?» ይላል። ብዙ ቁጥር መስሎት ነው። እርስዎ ግን የተማሩ ስለሆኑ አይሳሳቱም፤ አንቱታ ነው። እርስዎን በድንጋይ ላይ ሳሠፍርዎ እንዴት አንተ እላለሁ?