ቻይና ሊሄዱ የነበሩት እንግዶች ስለወሰዷት ሐሴት

ለተከበሩ አቶ ተክለሃይማኖት
የጉዲፈቻ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
አርባ ምንጭ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ ይብዛ፣ ልጆችዎም ከጉያዎ አይራቁ እያልኩ፣ እኔ ሲቀላ ገበያ ጨርቅ የምሸጠው ረይሐና የከረመ ምስጋናዬን በአደባባይ ሳቀርብልዎ ታላቅ ክብር ይሰማኛል።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ላንቴ ሙዝ ማሳ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኤርጫፎ ከጓሯችን ተከራይቶ ይኖራል። ሚስቱ ጽጌረዳ በወሊድ ካረፈችበት ጊዜ ጀምሮ ልጁን ሐሴትን ያሳደጋት ብቻውን ነው። ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ሲገባ «እስክትድን እናስተምርልሃለን» ብላችሁ የአራት ዓመት ልጁን ተቀበላችሁት። እኔና ባለቤቴ ጀይሉ «እኛ ዘንድ ትቆይ፣ አባቷም ፈቅዷል» ብለን ደጅ ስንጠና፣ እርስዎ ወንበር ስበው አስቀምጠውን፣ ሃይማኖታችን ከልጅቷ ሃይማኖት ጋር እንደማይገጥም በትሕትና አስረዱን። አባቷ ግን «እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አድርሱልኝ» ብሎን፣ ጀይሉም እሺ ብሎት ነበር። በኋላ ልጅቷን የሰጧቸውን ፈረንጆች ሃይማኖት ጠይቀው እንደሆነ ለማወቅ አልደፈርኩም።

ሁለተኛ፣ ስለ ቅልጥፍናዎ። እነዚያ ባልና ሚስት ቻይና ሄደው ልጅ ለማምጣት ሻንጣ እስከማዘጋጀት ደርሰው ነበር፤ የዚያ አገር ወረፋ ሲረዝምባቸው እርስዎ ዘንድ አጠረላቸው። ይህን የሰማሁት ከራሳቸው ነው፤ ሐሴትንና አስተርጓሚዎን ይዘው የዶርዜ ጋቢ ሊገዙ ሱቄ ገብተው ነበርና። ልጅቷ እንዳየችኝ ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛ «እትዬ፣ አባባ ዳነ?» አለችኝ። እኔም ለሴትየዋ «ይቺ ልጅ እኮ አባት አላት፤ ሆስፒታል ተኝቷል» አልኳት። የእርስዎ አስተርጓሚ አንድ ነገር ነገራት። ሴትየዋ እንባዋ መጣና አቀፈችኝ። ምን ብሎ እንደተረጎመላት አላህ ይወቅ። የልጅቷን ጣቶች ከቀሚሴ ያላቀቀውም እሱው ነው። ሱቄን ሳልዘጋ ወደ ቢሮዎ ሮጥኩ፤ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ሦስተኛውን ምስጋና ኤርጫፎ ራሱ ሊያቀርብ ይገባው ነበር፤ አማርኛው አልዘልቅ ብሎት ነው እንጂ። ድኖ፣ አዲስ የፕላስቲክ ጫማ ይዞላት በራፍዎ ሲደርስ፣ ዘበኛዎ «ቻይና ሊሄዱ የነበሩ ሰዎች ወስደዋታል» አለው። ከዚያ ሁሉ ቃል የያዘው «ቻይና» የሚለውን ብቻ ነበር። በማግሥቱ ከከተማ ወጣ ብለው መንገድ የሚሠሩት ቻይናዎች ካምፕ ሄዶ፣ በእጁ ቁመቷን እያሳየ ጠየቃቸው። አለቃቸው ሥራ ፈላጊ መስሎት አካፋ ሰጠው። እሱም ተቀብሎ ይቆፍር ጀመር።

«አገራቸው ሲገቡ ይዘውኝ ይሄዳሉ» አለኝ።

«ኤርጫፎ፣ ልጅህ ቻይና አይደለችም» አልኩት።

«ታዲያ የት ናት?»

ይህንኑ ጥያቄ ይዘን እርስዎ ዘንድ መጣን። እርስዎም «ምስጢር ነው» ብለው መለሱልን። መንገዱ አልቆ ቻይናዎቹ የሄዱ ዕለት፣ ከመኪናቸው ኋላ እስኪወድቅ ድረስ ሮጠ፤ ያነሱት የላንቴ ሙዝ ጫኞች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሥራም አይወጣ፣ ከሰውም አያወራ።

በሄዱበት ሁሉ የልጆች ሳቅ እንዲከተልዎ እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን በመለመን፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ ረይሐና
ሲቀላ፣ ሐምሌ 2002 ዓ.ም.

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በግቢዎ በራፍ የተሰቀለው ሰሌዳ «ቤተሰብ ለሌለው ሕፃን ቤተሰብ እንፈልጋለን» ይላል። ፍለጋው አድክሟችሁ ከሆነ፣ የሐሴት ቤተሰብ ከጓሮዬ ተቀምጧል። አውሮፕላን አያስፈልግም፤ ባጃጅ ይበቃል።