ማንም ያልቀመሰው የሙት ዓመትህ በግ

አያ ከበደ፣ የልጆቼ አባት፣

«እንደምን ከርመሃል» ብዬ ልጀምር አልኩና ራሴን ታዘብኩት። አፈር ለብሶ የከረመን ሰው እንዴት ከረምክ ይባላል? እኔ ግን አለሁ። ከተለየኸኝ ዓመት ሞልቶ አልፏል፤ ሙት ዓመትህንም አውጥቼልሃለሁ፣ አወጣሁ ማለት ከተቻለ። መሠረተ ትምህርት ባስቆጠረኝ ፊደል የምጽፍልህ እሱኑ ልነግርህ ነው። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው እንደሚመስል ታውቃለህና አትሳቅብኝ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ማንጎው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ፤ ለቃሚ አጥቶ መሬት ላይ በሰበሰ። ድሮ የጎረቤታችን የኢድሪስ ልጆች ሳይበስል ጨርሰውት ትቆጣ ነበር፤ አሁን አጥራችንን የሚሻገር ልጅ የለም። ልጅህ ደረጀ በቀርከሃው አጥር ላይ እሾህ ደርቦበታል። ከጉባ፣ ከግድቡ ሥራ ተመልሶ እቤት ነው ያለው። እዚያ ከስንቱ ሃይማኖት ሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ሲያድር ኖሮ፣ እዚህ መጥቶ ከስልኩ ጥላቻ ይሸምታል። ምን እንደሚያይ አላውቅም፤ ብቻ ካየ በኋላ እህል አይቀምስም።

ነገሩ የተነሣው ባለፈው ክረምት ገበያ ላይ ነው። ሁለት ጎረምሶች ሚዛን ቀሸብክ፣ አልቀሸብኩም ተባባሉ። አንዱ ክርስቲያን፣ አንዱ ሙስሊም ሆነና እስኪመሽ የሚዛኑ ነገር ተረሳ። ከእነሱ ወገን ሱቅ ተቃጠለ፣ ከእኛ ወገን የአንድ ልጅ ዓይን ጠፋ። ማን ጀመረው ብትል ሁሉም ጣቱን ወደ ሌላው ይቀስራል።

ቅሬያችን፣ የቀብር ዕድራችንም ፈረሰ። ለሰፈራ ከወሎ ወደ አሶሳ ስንመጣ ይዘነው የመጣነው፣ እስላም ክርስቲያኑ አንድ ላይ የሚቀብርበት፣ የአገሬው በርታዎች እነ ኢድሪስም ኋላ የገቡበት ቅሬ ለሁለት ተከፈለ። ድንኳኑ ለእኛ ደረሰ፣ ድስቶቹ ለእነሱ። አሁን እኛ ድንኳን ተክለን ማብሰያ እንለምናለን፤ እነሱ አብስለው ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። ብትኖር በሳቅ ትፈነዳ ነበር ብዬ አሰብኩና፣ አይ፣ ይሄስ አያስቀውም ነበር አልኩ።

ያን ጊዜ ታስታውሳለህ? የሰፈራው መኪና አራግፎን ወባ ሲጥለን፣ ኢድሪስ ከሚስቱ ከሐሊማ ጋር የማሽላ ገንፎና የሥጋ ወጥ ተሸክሞ መጣ። አንተ እያተኮሰህ፣ እየተንቀጠቀጥክ፣ የእስላም ሥጋ አንበላም አልከው። እኔ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ወደድኩ። አማርኛ ገና አያውቅም ነበር፤ ግን ገባውና ወጡን ይዞ ሄደ። ተቀየመ ስንል በማግሥቱ ባሚያ ብቻ አሠርቶ መጣ። ያንን የባሚያ ወጥ እያለቀስክ በላኸው።

ከዚያ ወዲያ ነው ለእሱ የሚሆን ቢላና ድስት ለቤታችን የገዛኸው። በደገስን ቁጥር ሁለት በግ፤ አንዱን በስመ አብ ብለህ አንተ፣ ሌላውን ቢስሚላ ብሎ እሱ። ድስቱን ሐሊማ ትጥዳለች። አንዱ የሌላውን አይቀምስም፣ ግን ጨዋታው አንድ ነው። ከእኛ ሰዎች «ከበደ ሊሰልም ነው» ብለው የሚያሙህ ነበሩ። አንድ ቀን እንዲህ አልካቸው፤ «የወንድሜን ቢላ ሳላከብር መስቀሉን በየትኛው አፌ ልሳለም?» የስብከት ሰው አልነበርክም፤ ከአንተ የሰማሁት ስብከት ያ ብቻ ነው።

ሙት ዓመትህ ሲደርስ እንደ ልማድህ ሁለት በግ አሰርኩ። ደረጀ አየና ሁለተኛው ለማን ነው አለኝ። እያወቀ እኮ ነው የሚጠይቀኝ! እነሱ ከመጡ ወጣቶቹ አይገቡም፣ ድንኳኑም አይሰጥሽም አለ። የንስሐ አባታችንን ጠራሁና አማከርኳቸው። ነገሩ ትክክል ነው፣ ጊዜው ግን አይደለም አሉኝ፣ መሬት መሬት እያዩ። ሰውን መውደድ የፍስክና የጾም ጊዜ አለው ወይ ልላቸው ነበር፤ ሽበታቸውን አየሁና ተውኩት።

ኢድሪስን ልጠራ ራሴ ሄድኩ። ሐሊማ በርጩማ ሰጠችኝና ጥግ ይዛ ቆመች። እሱ ሴቱንም ወንዱንም አንተ በሚልበት አማርኛው፣ «አንተ አታልቅስ» አለኝ። «ከበደ ወንድሜ ነው። እኔ ይመጣል። ሌላ ሰው ግን ይፈራል፣ አይመጣም።» እኔን እኮ አንድ ሰው ይበቃኛል። ደስ ብሎኝ እንደ ልጅ እየሮጥኩ ተመለስኩ።

ሲነጋጋ በጓሮ በኩል ብቻውን መጣ። በጉን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ አዙሮ አረደው፣ ገፈፈው፣ በለተው። ሐሊማ ስለቀረች አንተ ለእሱ በገዛኸው ድስት እኔው ጣድኩት። መምጣቱን ሳላወራ በተተከለልኝ ድንኳን ውስጥ፣ አንተ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ወጣቶቹ ደጅ ላይ ቀጥ አሉ። ስድብ የለ፣ ድንጋይ የለ። አይገቡም፣ በቃ። ሽማግሌዎቹም ከኋላቸው ፀሐይ ላይ ቆሙ። ደረጀ መካከላቸው ነበር። የአንገታቸው መስቀል አያ፣ ከአንተ ማተብ እጥፍ ይበልጣል።

ኢድሪስ ቀና ብሎ አያቸውና ተነሣ። ቢላውን አጥቦ በእጄ ሰጠኝ፤ ውሃ እንኳ አልጠጣም። እሱ ሲወጣ እነሱ ገቡ። ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር እያሉ ወንድምህን ባስወጡበት ደጅ ገቡልህ። እኔም ምን ላድርግ፣ አጎንብሼ አስተናገድኩ። ኢድሪስን መውደድ ምኑ ይከብዳል? እነዚያን መውደድ ነው ያቃተኝ፤ ከማህፀኔ የወጣውን ጭምር። አንተ ይሄን እንዴት ትችለው ነበር? ይህንን ሳታስተምረኝ ሄድክ።

የኢድሪስ ድስት እንደ ሞላ ቀረ። የእኛ ሰው አይነካው። ሲመሻሽ ተሸክሜ ወደ ኢድሪስ ቤት ወሰድኩት። በሩ ላይ ልጁ ሙሳ ቆሟል፤ ወባ ሲይዘው በጀርባዬ አዝዬ ጤና ጣቢያ ያደረስኩት ሙሳ። አልተቆጣም፣ አልሰደበኝም። «እማማ፣ ይመልሱት። ከእናንተ ቤት የወጣ አንበላም» አለኝ። አባትህ በእጁ ያረደው ነው አልኩት። አውቃለሁ አለኝ። ኢድሪስ ከውስጥ ሲያስል ይሰማኛል፤ አልወጣም። ከልጁ ጋር እንዲጣላ አልፈለግኩም፤ ተመለስኩ።

የአሶሳን ሙቀት ታውቀዋለህ፤ ጠዋት ሸተተ። ለውሻ ልስጠው? የአንተ መታሰቢያ ነውና እጄ እምቢ አለኝ። ከጓሮ ጉድጓድ ስቆፍር ደረጀ መጣና ዶማውን ተቀበለኝ። ቆፍሮ፣ ደፍቶ፣ አፈር መለሰበት። አይ ልጄ፣ ገባው ማለት ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ፊቱን ፊቱን ሳይ ዋልኩ። ማታ ስልኩን ይዞ ከእነዚያ ጓደኞቹ ጋር ወጣ።

አልዋሽህም አያ፣ የሚሻል ነገር አይታየኝም። ሰዎች ያልፋል ይላሉ፤ ማለፉንስ ያልፍ ይሆናል፣ እኔና ኢድሪስ ግን አብረን እናልፋለን። እኛ ስናልቅ አንድ ላይ መብላታችንን የሚያስታውስ እንኳ አይኖርም። እንዲህ እያሰብኩ ጸሎቴ አፌ ላይ ይደርቃል።

ቢሆንም አልረሳህም። እግሬ እስከተራመደ ድረስ በየዓመቱ፣ መታሰቢያህ ሲደርስ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ በፊት ለፊት መንገድ ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ እጠራዋለሁ። ሙሳ ይመልሰኝ፣ ደረጀ ይፈርብኝ። ኢድሪስ አይመጣም፤ አውቃለሁ። ግን ከከበደ ቤት አልተጠራሁም ብሎ አይሞትም።

ሚስትህ ጥሩዬ