ከጀርባዋ ስለተሰጠው ትእዛዝ

ለተከበሩ አቶ ሸዋንግዛው
የቀይ አፈር ቴኳንዶ ክለብ ሊቀመንበርና የቀበቶ ፈተና ዋና ፈታኝ
ነገሌ ቦረና

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ ናጋ፣ ማለትም ሰላም፣ ቤተሰብዎ ናጋ፣ ከብት ባይኖርዎትም ከብትዎ ናጋ ይሁን። በእኛ ዘንድ ሰላምታ ሳይሟላ ወደ ጉዳይ አይገባምና ስለ ዝናቡም ልጠይቅዎት ነበር፤ ነገር ግን የያቤሎው ውድድር ምዝገባ ዓርብ ስለሚዘጋ ይቅርታዎን ለምኜ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

እኔ የፍየል ነጋዴና የኢቢሴ አባት ነኝ። ኢቢሴ በሰባት ዓመቷ በማጅራት ገትር ታማ መስማት ያቆመችው፣ በክለብዎም ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳትቀር የሠለጠነችው ልጅ ናት። ባለፈው እሑድ ለአረንጓዴ ቀበቶ ፈትነው ጥለዋታል፤ ያለዚያ ቀበቶ ደግሞ ያቤሎ ሄዶ መወዳደር አይቻልም። ስለ ፍትሐዊነትዎ ያለኝን አድናቆት በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. በፈተናው መሃል ከጀርባዋ ዞረው በኮሪያ ቋንቋ ትእዛዝ ሰጡ፤ እሷም ባለችበት ቆማ ቀረች። በውጤት ወረቀቷ ላይ «ትእዛዝ አትቀበልም» ብለው ጽፈዋል። መስማት የተሳናት ልጅ እንደማትሰማ በፈተና ስላረጋገጡልን ከልብ አመሰግናለሁ፤ እስካሁን የምናምነው ሐኪሞቹን ብቻ ነበር።

፪. አሠልጣኟ ሶራ እንደ ወትሮው እጁን አንሥቶ ምልክት ሊሰጣት ሲል «ኩረጃ ነው» ብለው ከአዳራሹ አስወጡት። የሚሰሙት ልጆች ያንኑ ትእዛዝ በጆሯቸው ሲቀበሉ ከማን እንደኮረጁ ግን አልገባኝም፤ አላዋቂነቴን ይታገሱልኝ።

፫. ስትመታ የምታሰማው ጩኸት «ለዛ የለውም» ተብሎ ነጥብ ተቀንሶባታል። ክቡር ሆይ፣ ይህን ሳነብ ተናድጃለሁ፤ በትሕትና ልሸፍነውም አልችልም። ልጄ የራሷን ድምፅ ከሰማች ዘጠኝ ዓመት አለፋት።

ስፖርት ሕግ አለው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ገበያም ሕግ አለው። እኛ የቁም እንስሳት ነጋዴዎች በዋጋ የምንስማማው በጨርቅ ሥር ተጨባብጠን፣ ጣት ለጣት ተጫጭነን ነው፤ ከአፋችን አንድ ቃል አይወጣም። ባለፈው ለበዓል ሙክት ሲገዙ እርስዎም ከእኔ ጋር እንዲሁ ተደራድረው፣ ተስማምተው፣ ስቀው፣ ሙክትዎን እየነዱ ሄደዋል። ያን ዕለት ኩረጃ ነው አላሉኝም። እጅ ሲናገር በደንብ እንደሚገባዎ እኔ ምስክር ነኝ።

ልመናዬ አጭር ነው፦ ከዓርብ በፊት እንደገና ይፈትኗት፤ ሶራ ፊት ለፊቷ ይቁም። ያኔ ብትወድቅ አቅሟ ነው ብዬ እቀበላለሁ።

ይህን ለማንበብ ስለሚሠዉት ውድ ጊዜ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ ሁለቱም ጆሮዎችዎ በሙሉ ጤና ዕድሜ ልክዎን እንዲያገለግሉዎት ከልብ የምመኝ፣

አክባሪዎ
ጃልዴሳ ኩራ

ማስታወሻ፦ ውጤቱን ከመጻፍዎ በፊት አጠገብዎ ወደተቀመጡት ዳኛ ዘንበል ብለው ስለ ልጄ አንድ ነገር ተናግረው ነበር። ከአዳራሹ ማንም አልሰማዎትም፤ ኢቢሴ ግን ከንፈር ታነባለች። እዚህ ላይ ቃል በቃል ልጽፈው ነበር፤ «ወሬው ከወጣ ተማሪዎቻቸው ፊት ያፍራሉ» ብላ ከለከለችኝ።