ኳሷን ይዘው የተነሡት አቶ ቨርሊን ትቬት

አቶ ቨርሊን ትቬት ከአባታቸው ከአቶ ኦስካር ትቬትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቦርግሂልድ ሞን፣ በምዕራብ ሚኔሶታ ከኖርዳል ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው የቤተሰቡ እርሻ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1945 ተወለዱ። ሐኪሙ እስኪደርስ እንኳ አልጠበቁም። እናታቸው በሕይወት ሳሉ፣ «ይህ ልጅ ከሆዴም የወጣው ተቻኩሎ ነው፤ የሚያስቸኩለው ምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልነገረኝም» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በኖርዳል ተከታትለዋል። ከወንበር ይልቅ ግድግዳ ተደግፈው የተማሩት ይበልጣል። በቤተ ክርስቲያንም ቡራኬው ሳይሰጥ ሹልክ ብለው ወጥተው መኪናውን አስነሥተው የሚጠብቁት እርሳቸው ነበሩ። መጋቢው «ቨርሊን ገነት ቢገባም በሩ አጠገብ ነው የሚቆመው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ1963 ኖርዳል ኮሌጅ ገቡ። ኮሌጁ ትንሽ ስለነበረ ጥሩ ሯጭም ባይሆኑ በአሜሪካ ፉትቦል፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ በሚሮጥበት ጨዋታ፣ ቡድን ውስጥ ቦታ አላጡም። እዚያም ከአቶ ሎወል ብሬከ ጋር ተዋወቁ። ሎወል ዝግ ያሉ፣ ቃላቸውን መዝነው የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ ሁለቱ እንዴት እንደተስማሙ ዛሬም ግራ ይገባናል። የሎወል ሥራ ኳስ መምታት ነበር። ቨርሊንን ደግሞ፣ እጃቸው ፈጣን ነውና፣ አሰልጣኝ ደንፊ ኳስ ያዥ አደረጓቸው። ኳስ ያዥ ማለት በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ፣ የተወረወረለትን ኳስ ተቀብሎ መሬት ላይ አቁሞ፣ መቺው እስኪመታት ድረስ ንቅንቅ የማይል ሰው ነው። ቨርሊንን ለዚህ መምረጥ ውሃን ቁም እንደ ማለት ነበር።

በ1966 መኸር ግን ተአምር ሆነ፤ ቡድኑ ማንም ሳያሸንፈው ወደ መጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። ሎወል ዓመቱን ሙሉ አንድም ኳስ አልሳቱም፣ ቨርሊንም አንድ ጊዜ እንኳ አልተንቀሳቀሱም። ኮሌጁ ከተመሠረተ ጀምሮ ያላየው ዋንጫ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ገበሬው በቆሎውን ማሳ ላይ ትቶ፣ ባለሱቁ በሩን ዘግቶ፣ ሁሉም ወደ ሜዳው ወጣ።

ከዌስትብሩክ ኮሌጅ ጋር የተደረገው ያ ጨዋታ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ኖርዳል ኳሷን ከመጨረሻው መስመር አሻግሮ ልዩነቱን አጠበበ፤ ዌስትብሩክ 14 ለ 13 ይመራ ነበር። ሎወል ኳሷን መትተው በሁለቱ ምሰሶዎች መሐል ቢያስገቡ አንድ ነጥብ ተጨምሮ እኩል ይወጣሉ፤ እስከዚያ ማንም ስላላሸነፋቸው እኩል መውጣትም ለዋንጫው ይበቃ ነበር። በምት ፈንታ ኳሷን ይዞ መስመሩን የሚያልፍ ቢገኝ ደግሞ ሁለት ነጥብ ተጨምሮ ያሸንፋሉ። አሰልጣኙ ምቱን አዘዙ።

ቨርሊን፣ «ይህን ሁሉ የለፋነው እኩል ለመውጣት ነው?» አሉ።

«ተንበርከክ፣ ቨርሊን» አሉ አሰልጣኙ። «ምንም አታስብ፤ ዝም ብለህ ተንበርከክ!»

ተንበረከኩ። ኳሷ መጣች፣ ተቀበሏት፣ መሬት አስነኳት። ሎወል ተንደርድረው እግራቸውን ሲያነሡ ግን ቨርሊን ኳሷን ብድግ አድርገው ሩጫ ጀመሩ። ሎወል አየሩን መትተው በረዶው ላይ በጀርባቸው ወደቁ። ቨርሊንም መስመሩ ክንድ ያህል ሲቀራቸው ተጠልፈው ወደቁ። ዌስትብሩክ ዋንጫውን ይዞ ሄደ።

በልብስ መቀየሪያው ክፍል አሰልጣኙ፣ «ምን አይተህ ነው?» ብለው ጠየቋቸው።

«ክፍት ቦታ አየሁ» አሉ ቨርሊን።

አንዱ ተጫዋች ሊማታ ሲነሣ ሎወል ከመሐል ገብተው፣ «ተዉት፤ ነፋሱ ከባድ ነበር፣ እኔም እስት ነበር» አሉ። ሰው ሁሉ ጨዋነታቸውን አደነቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኮሌጁ ፉትቦልን እርግፍ አድርጎ ስለተወ ዋንጫው ሳይመጣ ቀረ።

በ1968 አቶ ቨርሊን የሎወልን እኅት ወይዘሮ አርዲስ ብሬከን አገቡ። አንደኛ ሚዜ ሎወል ነበሩ። መጋቢው ፊት ቀለበት ሲወጣ ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «ቀለበቱን ለቨርሊን እንዳትሰጡት፣ ይዞት ይሮጣል!» ብሎ ቤተ ክርስቲያኑን በሣቅ ሞላው። ሙሽራውም ሣቁ። ከዚህ ጋብቻ ማርጊት፣ ሮልፍና ካሪን ተወለዱ።

የሠሩትን ሥራ መዘርዘር ያደክማል። ጉድጓድ ቆፍረዋል፣ ዘር ሸጠዋል፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድተዋል፣ ጣሪያ ጠግነዋል። ከየትኛውም አልተባረሩም፤ ሁሉንም በገዛ እጃቸው ተዉት። ቤትም አምስት ጊዜ ቀይረዋል፤ ሁሉም እዚያው ኖርዳል ውስጥ ነው። እራታቸውን ቆመው ይበሉ ነበር።

የከተማው ሰው ለቀልድ አልሰነፈም። ካፌ ሲገቡ፣ «ቨርሊን፣ ቁጭ በል እንጂ! ወይስ ዛሬም ክፍት ቦታ አየህ?» ይሏቸዋል። እርሳቸውም፣ «አየሁ፤ አንተ ጭንቅላት ውስጥ!» ብለው ይመልሳሉ። በየዓመቱ በምስጋና ቀን፣ የቱርክ ዶሮው ተቆርጦ ወሬው ወደዚያ ጨዋታ ማምራቱ አይቀርም። ያኔ ሎወል ለስለስ ብለው፣ «ነፋስ ነበር እኮ» ይላሉ። አባታችንም ሹካቸውን አስቀምጠው የመኪናቸውን ዘይት ለማየት ይወጣሉ። እኛ ልጆቻቸው ሁልጊዜ በቀልዱ የተከፉ ይመስለን ነበር። ቀልዱስ ምንም አላላቸውም፤ የሚያባርራቸው የሎወል ደግነት ነበር።

በ2018 መጨረሻ የጣፊያ ካንሰር ተገኘባቸው። ሕመሙ መስኮት ዳር ካለ ወንበር ላይ አዋላቸው፤ እግራቸው እምቢ ሲል ጣቶቻቸው የወንበሩን ክንድ ሲደበድቡ ይውሉ ነበር። ሎወል በየጠዋቱ እየመጡ አጠገባቸው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ጠዋት ባለቤታቸውና ልጃቸው ማርጊት ባሉበት አቶ ቨርሊን፣ «ሎወል፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያቺን ኳስ ይዤልህ ቢሆን ትገባ ነበር?» አሉ።

«ነፋሱ እኮ…» ብለው ጀመሩ ሎወል።

«ነፋሱን ተወው! ዕድሜዬን ሙሉ ነፋስ መገብከኝ። እየሞትኩ ነው፣ አንተ ሰውዬ።»

የሎወል ፊት ቀላ። «ትገባ ነበር» አሉ። «መሐል ለመሐል። ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም። እንዴት እንደተናደድኩብህ አታውቅም፣ አንተ የማትረባ! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።»

«ይቅር በለኝ» አሉ አባታችን።

«ድሮ ይቅር ብዬሃለሁ እኮ።»

«ምንም አላጠፋህም እያልክ እንዴት አድርገህ ይቅር ትለኛለህ?»

ሎወል መነጽራቸውን አውልቀው አለቀሱ። «እንግዲያው አጥፍተሃል» አሉ። «አጥፍተሃል፣ ቨርሊን። ይቅር ብዬሃለሁ።»

አባታችን በዚያው ወንበር ላይ እስከ ከሰዓት በኋላ ተኙ። ጣታቸው እንኳ ስላልተንቀሳቀሰ ባለቤታቸው ደንግጠው እጃቸውን አባታችን ደረት ላይ አድርገው እስትንፋሳቸውን አዳመጡ። በሰላም ይተነፍሱ ነበር።

አቶ ቨርሊን ትቬት ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2019 በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ አርዲስን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸው ልንላቸው የሚገባንን አቶ ሎወል ብሬከን ትተው አልፈዋል። ዕረፍትን ዘግይተው ለቀመሱት ለአባታችን ነፍስ፣ እግዚአብሔር ረጅሙን ዕረፍት ይስጥልን። አሜን።