የማያፈራው ሙዝ

ላሙ ደሴት፣ ሚያዝያ 1986 ዓ.ም.

ለወንድሜ ሚስት፣ ለውዷ ዋርሳዬ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላህ። ቡታጅራ እንዴት ናት? ያ ሳልሽስ ለቀቀሽ ወይ? እማን እግሯ እንዴት አደረጋት? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከሙቀቱና በየቀኑ ከሚበላው ዓሣ በቀር የሚያማርረኝ የለም።

ያለሁበት ቦታ ላሙ ይባላል። ወተት እንዳትጠብቂ፣ ደሴት ነው! ከተማው ጥንታዊ ነው፤ ቤቶቹ ከባሕር ድንጋይ የተሠሩ፣ በሮቻቸው በአበባ ቅርጽ የተፈለፈሉ። መኪና የለም፤ ሁሉን የሚሸከመው አህያ ነው። እኛ በሰፊው የመንደር መንገድ፣ በጀፎሯችን ላይ ፈረስ እናስጋልባለን፣ እዚህ መንገዱ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ አያሳልፍም። ስሄድ ህልም የማይ ነው የሚመስለኝ። ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ያልፋሉ፣ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ያልፋሉ፣ ከየት እንደሆነ የማይታወቅ የቅርንፉድ ሽታ ይመጣል፣ መንገዱ ይታጠፍና ድንገት ባሕሩ። አንዳንዴ ከኋላዬ ያንቺን ኮቴ የሰማሁ ይመስለኝና እዞራለሁ። አህያ ነው።

ለምን እንደመጣሁ ታውቂያለሽ። ወንድሜ ዑመይር አናጢነቱን ይዞ በሞያሌ ወጥቶ ወሬው ከጠፋ ዓመታት ስላለፉ፣ ሽማግሌዎቹና ሼኹ እስከ አረፋ ይፈለግ፣ ካልተገኘ ከወንድሙ ጋር ኒካሕ ይታሰርላት አሉ። አንቺ አንገትሽን ደፋሽ፣ እኔም ደፋሁ። በምን ልብ እንደደፋሁት አላህ ያውቃል። ናይሮቢ፣ ሞምባሳ እያልኩ ሐበሻ አናጢ አለ ወደተባለበት ወደዚህ መጣሁ።

ገበያው አጠገብ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ በመድረሳ ዓረብኛዬ ያዋራኝና ያገሬን ሰው ያማልኝ ጀመር። በር ሲፈለፍል እጁ ወርቅ ነው፣ ግን ቂል ነው አለኝ። ጓሮው ሙዝ ተክሎ፣ ሙዙ አላፈራም፣ ቁረጠው ቢሉት እንቢ ብሎ ሁልጊዜ ውሃ ያጠጣዋል፤ ሰፈሩ ይስቅበታል አለኝ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። እንሰት መሆኑን ማን ይንገራቸው! ጉራጌ ካልሆነ ፍሬ የማይበላለትን ተክል እንዲህ ማን ይንከባከባል? ቤቱን አስጠቁሜ ሮጥኩ።

አገኘሁት። ከስቷል፣ ፂም አብቅሏል እንጂ ዑመይር ነው። እንሰቱም በሙቀቱ ጫጭቷል። ተላቅሰን ስናበቃ ሰደብኩት፤ ምነው አንድ ቃል እንኳ ብትልክ አልኩት። ደላላ በልቶት፣ ታስሮ ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ ለአረፋ ተሸክሞ ሲገባ እኔ ምን ይዤ ልግባ ብሎ አፍሮ ነው። ጉድ እኮ ነው! እኛ እዚያ በቁሙ ልንቀብረው፣ እሱ እዚህ በባዶ እጁ ያፍራል።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አገባች ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ዋርሳዬ፣ ባሕሩ እዚህ ሲሸሽ ቀስ ብሎ ነው የሚሸሸው። ውሃውን እያየሁ አሰብኩ። አዎ ብለው ኖሮ ቡታጅራን ዳግመኛ አይረግጣትም ነበር። አላገባችም፣ እየጠበቀችህ ነው አልኩት። እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም ደስ አለኝ፣ ወላሂ ደስ አለኝ፤ ግን ብቻዬን ስሆን እኔም አለቀስኩ።

ለአረፋ ይገባል፤ ለሼኹ ንገሪያቸው። አሠሪው የተጀመረው በር ሳያልቅ አልለቅም ስላለ በሱ ቦታ እኔ እተካለሁ። በእንጨት ሥራ እጄን ታውቂዋለሽ፣ አያሳፍርም። ባዶ እጁን እንዳይገባም ከሞምባሳ የገዛሁትን የሐር ሻሽ ሰጥቼዋለሁ። ሲሰጥሽ፣ እሱ እንደመረጠው ሁኚለት። አረንጓዴ ነው፣ ያምርብሻል። ለማን እንደገዛሁት አትጠይቂኝ።

በሩ ሲያልቅ ና ብላችሁ እንዳትልኩብኝ። ለእማ ሥራ በዝቶበት ነው በያት፤ አንቺ ካላልሻት አታምንም።

አላህ ቤታችሁን በልጅ ይሙላው፣ ሳቅ አያሳጣችሁ።

ከእንግዲህ ወንድምሽ